አራት ሜትር ማዕረግ

ሰው ማክበር ደግ ነገር ነው፤ ችግሩ አንዳንዱ ማክበር ሲጀምር ማቆሚያውን አያውቅም። ማዕረግ ላይ ማዕረግ ሲደርብ፣ የሚከበረው ሰው ከሥር ታፍኖ መቅረቱን ልብ አይልም። በየካው ልደቱ ላይ የደረሰውም ይኸው ነበር። ነገሩ የተጀመረው ጉርድ ሾላ፣ አንድ ጠባብ ባነር ቤት ውስጥ፣ የሰኔ ዝናብ መንገደኛውን ሁሉ በየሱቁ በረንዳ ባስጠጋበት ከሰዓት በኋላ ነው።

ልደቱ ወደ ስድሳ የሚጠጋ፣ ራሰ በራ፣ ቦርጩ ከቀበቶው የቀደመ ሰው ነው። ከየካ ሚካኤል ወደ ላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ በሚጀምርበት ዳገት ላይ፣ ቤትና ጋራዥ አለው። በደርግ ጊዜ፣ ገና በዐሥር ዓመቱ፣ እናት አባት ከሌላቸው ሕፃናት ጋር በመርከብ ተጭኖ ኩባ ሄደ፤ እዚያው አደገ፤ የናፍጣ ሞተር ሥራ ተምሮ ተመለሰ። ሠፈርተኛው መጀመሪያ "መካኒኩ" ይለው ነበር፤ ቆይቶ "ቴክኒሺያን" አለው፤ የዕድሩን ድንኳን ብረት ከበየደ ወዲህ ደግሞ "ኢንጂነር" ሆነ። ማን እንደሾመው አይታወቅም፤ እሱ ግን ሹመቱን አልመለሰም። የጋራዡን በር "ኢንጂነር ልደቱ" ብሎ በቀይ ቀለም አስጻፈበት። ሰው ፊት ሲቆምም እጁን ኪሱ ውስጥ መክተት ለመደ፤ ጥፍሩ ሥር የተጋገረው ግራሶ ከማዕረጉ ጋር አልስማማ ብሎት ነበር።

ያን ዕለት የባነር ቤቱ ባለቤት ሞቲ ኮምፒዩተሩ ላይ አጎንብሶ ይጽፋል፤ ልደቱ ደግሞ ገጹ ከተገነጣጠለ የስፓኒሽ መዝገበ ቃላት ላይ እያነበበ ያስጽፋል።

"ኤክሴሌንቲሲማ፤ እጅግ የተከበሩ ማለት ነው" አለ ልደቱ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ። "ቀጥል፤ ካቴድራቲካ። ዶክቶራ። ፕሮፌሶራ። ኢንስትሩክቶራ። ኤንትሬናዶራ። ዶሴንቴ።"

"ጋሼ፣ ሁለት ሜትሩ እኮ ሞላ፤ የሴትዮዋ ስም ገና አልገባም" አለ ሞቲ።

"እንግዲያው አራት አድርገው!"

ከኋላቸው ሳቅ ተሰማ። ልደቱ ዘወር ሲል፣ ከዝናቡ ሸሽታ የገባች አንዲት ወጣት አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ቆማለች።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፤ አስቤበት አይደለም፣ አመለጠኝ" አለች።

"ምን አሳቀሽ ልጄ? ስፓኒሽ ታውቂያለሽ እንዴ?"

"ጥቂት እሞክራለሁ። ሲፋን ገላና እባላለሁ። እንጦጦ ላይ ቱሪስት አስጎበኛለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ መሪ ኮንዶሚኒየም ለጀማሪዎች ስፓኒሽ አስተምራለሁ። እንግዳዋ ማን ቢሆኑ ነው፣ ይህ ሁሉ ስም?"

ልደቱ ደረቱን ነፋ። "ሚርታ ሎሬንሶ ይባላሉ። ኩባ ያስተማሩኝ ናቸው። ልጃቸው ጎረቤት አገር ሐኪም ሆና ትሠራለች፤ እሷን ሊጠይቁ ሲመጡ 'ልደቱን ሳላይ አልመለስም' ብለው ላኩብኝ። እሑድ ቤቴ ይገባሉ፤ ድንኳን ይጣላል፤ የወረዳው ተወካይ ሳይቀር ይመጣል። ታዲያ ማዕረጋቸውን አሟልቼ ልጻፍ እንጂ ምን ላድርግ?"

"ማክበርዎስ ደስ ይላል። አንድ አንዱን ብጠይቅዎ ይቆጣሉ?"

"ጠይቂ! ዝናቡም ገና ነው።"

ሲፋን ወደ ኮምፒዩተሩ ቀረብ አለች። "ካቴድራቲካ የሚሉት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተወዳድራ ወንበር የያዘችውን ነው። እንደ ቤተ ክህነቱ ወንበር የተከለች እንደማለት። እሳቸው ወንበር ነበራቸው?"

ልደቱ አሰበ። "ወንበርማ ነበራቸው። የእንጨት ነው፤ አንድ እግሩ ስለተሰበረ ድንጋይ እናስደግፍላቸው ነበር።"

ሞቲ ቀና ብሎ ሳይስቅ መልሶ አጎነበሰ።

"ኢንስትሩክቶራ ደግሞ" አለች ሲፋን፣ "መንዳት፣ ሰልፍ፣ ዋና የመሳሰለውን የምታሳይ ናት። መንጃ ፈቃድ ያወጡት በእሳቸው ነው?"

"በዐሥር ዓመቴ?"

"ኤንትሬናዶራ የስፖርት አሠልጣኝ ናት። ኳስ አሠልጥነዎታል?"

"ሥርዓት አሠልጥነውኛል! ሥርዓት ከኳስ ያንሳል?"

"አያንስም ጋሼ፤ ግን ባነሩን ያየ ስፓኒሽ ተናጋሪ ሁሉ ቡድናቸው የት እንደሚጫወት ነው የሚጠይቀው። ዶሴንቴ የሚለውስ የመሥሪያ ቤት ቃል ነው፤ ማስታወቂያ ላይ 'የማስተማር ሠራተኞች' ሲባል ያምራል። ሰው ግን እናቱን 'ነይ ወላጅ' ብሎ አይጠራም።"

ልደቱ በነገሩ መሸነፍ እንደጀመረ ቢታወቀውም አንድ ምሽግ ቀርቶት ነበር። "እሺ፤ ፕሮፌሶራስ? ፕሮፌሰርን የመሰለ ማዕረግ በየትኛው አገር ይወድቃል?"

"እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። እኛ ፕሮፌሰር ስንል መጽሐፍ ጽፎ፣ ምርምር አድርጎ፣ ሽበት አውጥቶ ከላይ የደረሰ ነው። ስፓኒሽ ላይ ግን የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ አስተማሪውም ፕሮፌሶር ነው። እኔንም ተማሪዎቼ አሳጥረው 'ፕሮፌ' ይሉኛል።"

"አንቺን?" ልደቱ ከጨቀየ ጫማዋ እስከ ጸጉሯ ድረስ አያት።

"እኔን። እርስዎ ስንተኛ ክፍል ነበር ከእሳቸው ጋር?"

"ከአንደኛ ነዋ። ፊደላቸውን ያስቆጠሩኝ፣ ራሴን በቅማል መድኃኒት ያጠቡኝ፣ የጫማ ክር ማሰር ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ገና ልጃገረድ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት 'እጅ!' ይላሉ፤ ሁላችንም እጃችንን ዘርግተን ጥፍራችንን ያዩልናል። እኔ ሁልጊዜ እመለስ ነበር፤ ታጥበህ ና እባላለሁ።" ይህን ሲል ፊቱ በራ፤ ቦርጩም ራሰ በራውም ለአፍታ የጠፉ መሰለ።

"ታዲያ ያኔ ምን ብለው ነበር የሚጠሯቸው?"

"ማኤስትራ።"

"በቃ፣ ቃሉ እሱ ነው። የሕፃናት አስተማሪ ማኤስትራ ናት። አባቴ በኦሮምኛ 'ባርሲስቱ' እንደሚላት ማለት ነው። አንድ ቃል፣ አለቀ።"

"የለም፣ የለም!" ልደቱ እጁን ከኪሱ አውጥቶ አወናጨፈና መልሶ ከተተው። "እሱማ የሕፃን አፍ ነው። ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ሰው ሰብስቤ፣ እንዴት በአንዲት ራቁቷን በቆመች ቃል እቀበላቸዋለሁ? ክብር እንደ ጋቢ ነው፤ ሲደራረብ ይሞቃል።"

"ጋሼ፣ ጋቢም ፊት ድረስ ከተደራረበ ያፍናል። ሲያጌጡ ይመላለጡ ይባል የለ?"

በዚህ መሐል መብራት ጠፋ። የማተሚያ ማሽኑ ዝም አለ፤ የቆርቆሮው ላይ ዝናብ ብቻ ቀረ። ሞቲ "መጣሁ ሲል ይመጣል" ብሎ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። የሁለት ተከራካሪ ሰዎች መውጫ ማጣት አንዳንዴ ለእውነት ይጠቅማል፤ በደረቅ ቀን ቢሆን ልደቱ ባነሩን ተሸክሞ ወጥቶ ነበር።

"ኩባ ሳይሄዱ በፊት የአማርኛውን ፊደል ማን አስቆጠረዎት?" አለች ሲፋን በጨለማው።

"የኔታ ናቸዋ፤ እዚያው የካ ሚካኤል ግቢ።"

"ሲመለሱ አገኟቸው?"

"አገኘኋቸው እንጂ! የደብሩ አለቃ ሆነው፣ ካባ ደርበው፣ ሰው ከብቦአቸው።"

"እና ምን ብለው ጠሯቸው?"

"የኔታ አልኳቸው። ከሩቅ ሮጬ ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ።"

"ካባውን አይተው 'አለቃ' ቢሏቸውስ?"

"በምን ያውቁኝ ነበር? አለቃ የሚላቸው እኮ ሞልቷል።" የተናገረው ነገር ወደ ራሱ ጆሮ ዘግይቶ ነው የደረሰው።

ሲፋንም አልቸኮለችም። ቆይቶ ልደቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እውነቱን ልንገርሽ ልጄ" አለ። "ለዕድሩ 'የትልቅ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ይመጣሉ' ብያለሁ። የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ብል ድንኳን ይጥሉልኝ ነበር? ሊቀ መንበሩ አቶ ዘረሰናይ ሱፍ ያሰፉ ነበር? አሁን ማኤስትራ ብዬ ብጽፍ ሰው ምን ይለኛል? 'ኢንጂነሩ ዋሸን' አይደለም?"

"እንግዲያው ማዕረጉ ለእሳቸው አይደለም ማለት ነው፤ ለእርስዎ ነው።"

ይህች ቃል ልደቱን እንደ ቀዝቃዛ ውሃ መታችው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይላሉ፤ ልጅቷ ፈርዳም ቀድዳም ጨረሰችው። እውነት ሲነካው የሚቆጣ ሰው ብዙ ስለሆነ ልደቱም ተቆጣ። መብራቱም በዚያው ቅጽበት መጣ።

"አትመው!" አለ ሞቲን። "እንዳለ፣ አንድም ቃል ሳትቀንስ!"

ቁጣው እንደ ሰኔ ዝናብ ሲያባራ ግን አንድ ነገር ታወሰው፤ ስፓኒሹ ከሠላሳ ዓመት በላይ ዝጎበታል። "እሑድ አስተርጓሚ ትሆኝልኛለሽ?" አላት፣ ባነሩን ብብቱ ውስጥ እንደያዘ።

"በደስታ። አንድ ግን አለኝ፤ የተባለውን ብቻ እተረጉማለሁ። አልጨምርም፣ አልቀንስም።"

"እሱማ ምን ችግር አለው" አለ ልደቱ። ችግሩን ያየው እሑድ ነው።

እሑድ ሰማዩ ራራ። ድንኳኑ ተጣለ፤ ባነሩ ከአንዱ ባሕር ዛፍ ወደ ሌላው ተወጠረ። ፊደሎቹ ትልልቅ ስለሆኑ "ሚርታ" የሚለው ስም ጥግ ላይ ከግንዱ ጀርባ ዞሮ ቀርቷል። የልደቱ ባለቤት ሸዋረጋ ሽቅብ አየችና "ይኼ ሁሉ አንድ ሰው ነው ወይስ ከነቤተሰቦቻቸው ነው የሚመጡት?" አለችው። ልደቱ አንገቱን ይነካካል። ክራቫቱ አንቆት ነበር።

ሲፋን እንግዳዋን ከማረፊያቸው አምጥታ ከታክሲ አወረደች። ሚርታ አጭር፣ ጸጉራቸው የነጣ፣ ሸራ ጫማ ያደረጉ፣ በእጃቸው የላስቲክ ከረጢት ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ልደቱ ፊታቸው ቆመ፤ ወገቡን ሰበረ፤ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። ሲያጠናው ያደረውን "ኤክሴሌንቲሲማ ካቴድራቲካ..." ብሎ ሳይጨርስ ሚርታ ለባለሥልጣን የሚሰጠውን ፈገግታ ሰጥተውት አለፉ። አልፈውትም ዓይናቸው በሰው መካከል አንድ ሰው ይፈልጋል።

ከሠላሳ ዓመት በላይ የናፈቃቸው ሴት ፊቱን አይተው አላወቁትም።

አቶ ዘረሰናይ ግን በአዲሱ ሱፋቸው ተሽቀዳድመው እንግዳዋን ከመድረኩ መሐል፣ ቀይ ከፋይ በለበሰው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ከዚያ ማይክ ያዙ።

"ክቡራን እና ክቡራት! ዛሬ ይህ ደሀ ዳገታችን የዓለም ታላቅ ሊቅ ተቀብሏል። ክብርት ፕሮፌሰር፣ ዶክተር፣ አሠልጣኝ..." እያሉ የባነሩን ሁሉ ወረዱበት። የወረዳው ተወካይ አጨበጨበ፤ ሰው ሁሉ ተከተለ።

ሲፋን እንደ ቃሏ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ ተረጎመች። ሚርታ በጥሞና ሰሙ። ከዚያ ወደ ኋላቸው ዞረው አዩ፤ ወደ ድንኳኑ በር አዩ። ማንም አልገባም። በመጨረሻ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ከቀዩ ወንበር ተነሡና በእጃቸው አቧራውን ጠረግ ጠረግ አደረጉለት።

"ምነው? ምን ጎደለ?" አሉ አቶ ዘረሰናይ ደንግጠው።

ሚርታ ዝግ ብለው ተናገሩ፤ ሲፋንም ተረጎመች። "'ይቅርታ፤ ሳላውቅ የሰው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ፕሮፌሰሯ ሲመጡ ይቀመጡበት፤ እኔ ከኋላ ይበቃኛል' እያሉ ነው።"

ሚርታ ቀጠሉ፤ ሲፋንም ቀጠለች። "'እኔ የመጣሁት አንድ ልጅ ለማየት ነው። ልደቱ ይባላል። አንድ ኢንጂነር ይቀበሉሻል ተባልኩ፤ በር ላይ አየኋቸው፤ የተከበሩ ሰው ናቸው። እባካችሁ ጠይቁልኝ፤ እኚህ ኢንጂነር ልደቱ የሚባል ልጅ ያውቃሉ?'"

ሰው ሁሉ ወደ ልደቱ ዞረ። አቶ ዘረሰናይ ማይኩን እንደ ትኩስ ድንች አርቀው ያዙት። ልደቱ ባነሩን አየ፤ አራት ሜትር ማዕረግ ነፋስ ያወዛውዘዋል። የእሳቸው ስም ከግንዱ ጀርባ ተደብቋል፤ የራሱም ስም ከኢንጂነሩ ጀርባ እንደዚያው። ሰው ምን ይለኛል ብሎ የፈራው ሁሉ ፊቱ ተሰብስቦ ተቀምጧል። የሚያጣው ክብር ትንሽ አልነበረም፤ ሴትዮዋን ግን ቀድሞ ሊያጣ ነው። ክራቫቱን ፈታው።

"ማኤስትራ!" አለ። ድምፁ የትልቅ ሰው አልነበረም።

ሚርታ ዞሩ። ራሰ በራውን አላዩም፤ ቦርጩንም አላዩም። አንድ ጊዜ ብቻ ትክ ብለው አዩትና "እጅ!" አሉ፤ ይህን ሲፋን ሳትተረጉመውም ሰው ሁሉ ገባው፤ ምክንያቱም ልደቱ በዕድሩ ፊት፣ በወረዳው ተወካይ ፊት፣ ሁለት እጁን ከኪሱ አውጥቶ ዘርግቷል።

ሚርታ ጥፍሮቹን አንድ በአንድ አገላብጠው አዩ። ግራሶው ጥቁር ነው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ምን አሉት? ምን አሉት?" አለ ሰው።

"'ልደቱ፣ ዛሬም?' ነው ያሉት" አለች ሲፋን።

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ልደቱ ግን እያለቀሰ ነበር፤ ሚርታም አንገቱን አቅፈው ያለቅሳሉ። ሸዋረጋ "ይኼውልህ፣ ስንት ጊዜ ታጠብ ብዬሃለሁ!" ስትለው ሳቁ እንደገና ተነሣ።

ልደቱ ፊቱን ጠርጎ ወደ ሰዉ ዞረ። "ጎረቤቶቼ፣ አጥፍቻለሁ። እኚህ ሴት የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አይደሉም። የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናቸው። እናት አልባ ሆኜ ስደርስ እጄን ይዘው ያስጻፉኝ እሳቸው ናቸው። እንደዚያ ብላችሁ ድንኳን አትሰጡኝም ብዬ ፈራሁ። እኔም ብሆን መካኒክ ነኝ።"

አቶ ዘረሰናይ ለመቆጣት አፋቸውን ከፈቱ፤ ሆኖም ሚርታ ቀድመው ጠየቁ፤ ሲፋንም አቀረበችው። "'በዚህ ሠፈር ማኤስትራ የለችም ወይ? ካለች አጠገቤ ትቀመጥ፤ የሥራ ጓደኛዬ ናት' ይላሉ።"

ሰው እርስ በርስ ተያየ። ከዚያ አንድ ሰው አስታወሰ፤ ሌላውም አስታወሰ። ከድንኳኑ በር አጠገብ፣ ጫማ በሚደረደርበት ጥግ፣ መምህርት የማርያምወርቅ ተቀምጣለች። የዚያን ሠፈር ልጆች ሁሉ አንደኛ ክፍል ያስተማረች እሷ ናት፤ የአቶ ዘረሰናይን ሦስት ልጆችም ጨምሮ። በዕድር ስብሰባ ወደ ፊት ቀርቦ የመቀመጥ ወግ ለሊቀ መንበር፣ ለኢንጂነር፣ ለነጋዴ እንጂ ለእሷ ደርሷት አያውቅም፤ እሷም ጠይቃ አታውቅም።

"እኔ?" አለች የማርያምወርቅ። "ኧረ እዚሁ ይሻለኛል..."

አቶ ዘረሰናይ ቁጣቸውን ዋጥ አደረጉት። የራሳቸውን ወንበር አንሥተው በራሳቸው እጅ ወደ መድረኩ ተሸከሙት፤ አዲሱ ሱፍ ብብቱ ላይ ተተረተረ፤ ግድም አላላቸው። "ቲቸር፣ እባክሽ" አሉ። ልጆቻቸው የሚጠሯት እንደዚያ ነው። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ያለ ቋንቋ፣ በእጃቸው ብቻ ስለ ሕፃናት አፍንጫና ስለ ጠፉ እርሳሶች ሲያወሩ አመሹ። ሲፋን ብዙም አላስፈለገቻቸውም።

ሰዉ ሲወጣ ልደቱ ሲፋንን ጠርቶ፣ "ልጄ፣ ያን ቀን ተቆጣሁሽ፤ ያልሽው ግን ልክ ነበር" አላት። "ትልቅ ቃል ሰውን ትልቅ ያደርጋል ብዬ ነበር የማስበው። ለካ ሰው የሚያውቀን በራሱ ቃል ስንጠራው ነው። ካቴድራቲካ ስላቸው አለፉኝ፤ ማኤስትራ ስላቸው መጡ።"

"እኔም ከእርስዎ ተምሬያለሁ ጋሼ" አለች ሲፋን እየሳቀች። "መዝገበ ቃላት ላይ 'እጅ' የሚለው ይህን ሁሉ እንደሚይዝ አላውቅም ነበር።"

ከዚያ ወዲህ በየካው ዳገት ብዙ ነገር ቀለለ። ዕድሩ ሰው ሲያስተዋውቅ ማዕረግ መደርደሩን ትቶ የሠራውን መናገር ያዘ፤ ስብሰባው ስላጠረ ሰው እራቱ ሳይበርድ ቤቱ ይገባል። ልጆች አስተማሪያቸው ከፊት ስትቀመጥ አይተው "እኔም ቲቸር ነው የምሆነው" ማለት ጀምረዋል። ነገሩ ማዕረግ የሚገባው የለም ለማለት አይደለም፤ ወንበር የተከለ ካቴድራቲካ ይባል፣ ኳስ ያሠለጠነም አሠልጣኝ ይባል። ለሰው ያልሠራውን ስም መስጠት ግን የሠራውን መንሣት ነው፤ ልደቱ ይህን የተማረው በሁለት እጁ ነው።

ባነሩ አልተጣለም። ልደቱ "ሚርታ" የሚለውን ቆርጦ ሳሎን ሰቀለው፤ የቀረውን ጋራዥ መሬት ላይ አነጠፈው፤ ዛሬ ካቴድራቲካው ላይ ጊርቦክስ ይወርዳል፣ ኤክሴሌንቲሲማው ላይ ዘይት ይንጠባጠባል። በሩ ላይ ያለው ቀይ ጽሑፍም ተፍቆ "መካኒክ ልደቱ" ተብሎ ተጻፈ።

በሳምንቱ አንድ የሚኒባስ ሹፌር መኪናውን እያስጓራ ገባና በሩን ቀና ብሎ አየ።

"እዚህ የነበሩት ኢንጂነር ለቀቁ እንዴ?"

"ለቀቁ" አለ ልደቱ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

"ተመስገን!" አለ ሹፌሩ። "የኢንጂነር ሒሳብ ፈርቼ እኮ ነው ዓመት ሙሉ ፍሬኔን ሳላሠራ የከረምኩት።"